ከደጅ ጥናት ወደ ማትሪክ ጥናት

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የጎንደሩ ግቢያችን ነበር። ግን የዶርሙን፣ የአናቶሚ ክፍሉን፣ የሌሊት ዲዩቲውን ትዝታ ሁላችሁም አላችሁ፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ ስለ በሩ ልጻፍ። በእኔ ዘመንም ከዚያ በፊትም እዚያ ግቢ የገባን ሁሉ የገባነው በአንድ በር ነው፤ ስሙም ማትሪክ ይባል ነበር። ዛሬ ስሙም መልኩም ተቀያይሯል፤ በሩ ግን አለ፣ ከፊቱም ልጆች ቆመዋል። የተወለድኩትም አሁን የምሠራውም ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ታሪኩን የማየው ከዚያ ሆኜ ነው።

ደጅ መጥናት

ከተማችን መንቆረር ትባል በነበረችበት ዘመን፣ ኋላም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው ሲያደርጓት፣ ሹመት ለሚፈልግ ሰው የተለመደው መንገድ ደጅ መጥናት ነበር። ስንቁን ቋጥሮ ሹሙ ደጅ ይሄዳል፤ ወርም ይሁን ዓመት እስኪታይና እስኪጠራ ይቆማል። ከሹሙ ዘመድ የሚያገናኘው ያለው ቶሎ ይሆንለታል፤ የሌለው ስንቁ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሹመቱ የሚገኘው በሰው ፊት ነው፤ የሚከፈለው ግን በጊዜ ነው። ረጅም ጊዜ ለመቆም ደግሞ እርሻውን የሚያርስለት ሰው ቤቱ መኖር አለበት።

ጎጃም ከዚሁ ጎን ሌላ መመዘኛም ነበራት፤ የቅኔ ቤት። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የቅኔ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ይበላል፣ ብቻውን ጥሻ ውስጥ ተቀምጦ ቅኔውን «ይቆጥራል»፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ «ይነግራል»። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ስሕተት ካለበት እዚያው ሰው ፊት ይታረማል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ስለዚህ ነገም ፈተና አለ፣ ከነገ ወዲያም። እዚያ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያዋጣም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ሰው የወጣው ከዚህ ነው። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተነሥተው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተማሩ፤ ቀጥለው አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም እስከ አምባሳደርነትና ሚኒስትርነት ደረሱ። እንዲህ ያለው ጉዞ ግን ያኔ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ለብዙኃኑ የሚሆን አንድ ወጥ በር ገና አልተሠራም።

ከለንደን የመጣ ወረቀት

የመንግሥት ሠራተኛን በጽሑፍ ፈተና መምረጥ ዓለም ላይ የቆየ ነገር ነው። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪተውት ድረስ ለ1,300 ዓመት ገደማ ሹማምንታቸውን በፈተና መርጠዋል፤ ተፈታኙ ለቀናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይጽፍ ነበር። እንግሊዞች ሕንድን ለሚያስተዳድሩላቸው ሹማምንት እ.ኤ.አ. በ1855 ፈተና ጀመሩ። ፈተናው የሚሰጠው ግን ለንደን ነበር። እስከ 1922 ድረስ አንድ የሕንድ ልጅ የገዛ አገሩን ለማስተዳደር ለመወዳደር ባሕር መሻገር ነበረበት። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ወረቀቱ ፊት ለመድረስ ያለው መንገድ ግን አንድ አልነበረም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኛም አገር ከጣልያን ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ሲስፋፋ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የወሰዱት የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ነው። ማትሪክ የሚለው ስም የዚያ ቅሪት ነው፤ ቀስ በቀስ የአገር ውስጡ የመልቀቂያ ፈተና ተተካ፣ ስሙ ግን አልለቀቀንም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥረው መንግሥት ነው። ማትሪክ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ቢሮ ይገባል። ዩኒቨርሲቲ ባይደርሰው እንኳ የ12ኛ ክፍል ወረቀቱ መምህርነት ወይም ጸሐፊነት ያስቀጥረዋል። ስለዚህ ሌላው ዓለም የመንግሥት ሠራተኛ መምረጫ ፈተና የሚለው ነገር እኛ ዘንድ በ18 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ደጅ ጥናቱ ጥናት ሆነ። ለደሀው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የማንም ደጅ ሳይቆም፣ ስሙን በማያውቅ አራሚ ተመዝኖ የሚያልፍበት ቀን መጣለት።

ጊዜው ግን አሁንም ይከፈላል። የመጣው መንግሥት ሁሉ ደግሞ ከተማሪው ጊዜ ላይ ሲቆርስ ኖሯል። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የከፍተኛ ክፍሎች ጥናት ቆመ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ጎጃም ሲደርስ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና ተወሰዱ። የሰፈራችን ልጆች ትምህርት የጨረሱበትን ዓመት ሲናገሩ «ከዘመቻው በፊት»፣ «ከብላቴ በኋላ» ነው የሚሉት። የቀን መቁጠሪያቸው የተሠራው ባመለጣቸው ጊዜ ነው።

ሰባት ሳምንት

የእኔ ተራ በ1990 ዓ.ም. ደረሰ። የመጨረሻዎቹ የማትሪክ ተፈታኞች ውስጥ ነን፤ በሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ያመጣው አዲሱ ሥርዓት ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተካው። ለማታውቁት ወጣቶች ልንገራችሁ፤ ውጤቱ ፊደል ነበር። እንግሊዝኛና ሒሳብ ካሉበት አምስት ትምህርት ነጥብ ይሰላል፤ አምስት ኤ ያመጣ «አራት ነጥብ» ይባላል፤ ስሙም ከተማውን ያዳርሳል።

በዚያ ዓመት እናቴ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። እኔ የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ ነኝ። እንጀራው፣ ውኃው፣ የታናናሾቼ ነገር፣ ለእማዬ ምግብ ማመላለሱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ትምህርቱ በፈረቃ ነበር፤ የጠዋቱን ሳልሄድ እቀራለሁ፣ የከሰዓቱን እንቅልፍ ይወስደኛል። እማዬ በምርኩዝ ቆማ ቤት ስትገባ ለፈተናው የቀረኝ ሰባት ሳምንት ነው። ደብተሬ ባዶ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከቤታችን አጠገብ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። ውኃ ሳመጣላቸው ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሁሉንም ከመጀመሪያው ላንብብ ነው የምትይ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ንባብሽን ተይውና መንገር ጀምሪ።»

«ለማን ልንገር?»

«ለማንም። ለታናሽሽ ንገሪ፣ ለግድግዳው ንገሪ። ስትነግሪ የጎደለሽ ይታወቅሻል፤ የጎደለሽን ብቻ ተመልሰሽ እዪ። ሌሊቱን ደግሞ አትጨርሽው፤ ተኚ። ሌሊት የቆጠርኩትን ቅኔ እንቅልፍ ያልነካው እንደሆነ ጠዋት ይጠፋብኛል።»

የሰባት ሳምንቱ ፕሮግራም የተሠራው በዚህች ምክር ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከሰው ተውሼ አንድ በአንድ፣ ሰዓት ይዤ ሠራሁ። የሳትኩትን ብቻ ከመጽሐፉ ፈለግሁ። ሊጥ ሳቦካ ለታናሽ ወንድሜ የደም ዝውውርን ነገርኩት፤ ዛሬም «ልብ አራት ክፍል አላት» እያለ ይቀልድብኛል። ማታ በኩራዝ እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያ እንቅልፍ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ እስኪነጋ። ቅዳሜና እሑድ እንደ ከተማችን ተማሪ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር። የደብረ ማርቆስን የጠዋት ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጋቢ ተከናንቦ ሎጋሪዝም መሥራት ምን እንደሚመስል።

ኋላ ሐኪም ሆኜ ሳነብ የየኔታን ነገር ሳይንሱ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን በልጠው የተገኙት አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። እንቅልፍ ትዝታን እንደሚያጸናም በብዙ ጥናት ታይቷል። ዋሸራና ጎንጅ ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። አሁን ለስፔሻሊቲ መግቢያ በዲዩቲ መሐል ለሚያጠኑ ወጣት ሐኪሞቻችን የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከማንበብ አንድ ሰዓት መንገር።

አለፍኩ። ስሙ ገና የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሲባል ገብቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ ወጣሁ።

በትንሽ ነጥብ

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፌ የጀግንነት ወሬ ይሆን ነበር። አብራኝ ያጠናች አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ከጮቄ ሥር፣ ከረቡዕ ገበያ በኩል የመጣች። ከተማ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። በየሁለት ሳምንቱ በእግሯ አገሯ ትሄድና ድርቆሽና ቆሎ ተሸክማ ትመለሳለች። በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር፤ ሎጋሪዝሙን ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አያቷ ሞቱ ተባለ። ሄደች። ለቅሶው አለቀ፣ ግን የሚደርሰው እህልና የታመመችው አክስት ነበሩ፤ ለሴት ልጅ «ቶሎ ተመለሺ» የሚል አልተገኘም። የመጣችው በፈተናው ዋዜማ ነው። ውጤት ሲወጣ የመግቢያው ነጥብ በትንሽ አመለጣት። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ አዝላ በግል ተፈተነች፤ አልሆነም። ከዚያ ተጠፋፋን።

እሷም እኔም የተፈተንነው አንድ ወረቀት ነው። እርሳሳችን አንድ፣ የምናጠቁረው ክብ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ከሕንድ ወደ ለንደን መርከብ የሚሳፈረው ልጅ ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። ፈተናው በውስጡ ፍትሐዊ ነበር፤ የእሷ ባሕር ከፈተናው በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። እኔም ብሆን እናቴ አንድ ወር ዘግይታ ብትነሣ ኖሮ የምጽፍላችሁ አልነበርኩም።

ዛሬ

እኛ ከወጣን ወዲህ በሩ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መጣ፣ ሄደ። ግንቦት 2008 የመግቢያ ፈተናው ወጥቶ ተሰረዘ፣ ልጆቹ ሰኔ መጨረሻ እንደገና ተቀመጡ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የዚያ ዓመት ተፈታኞች ፈተናውን ያገኙት ዓመት ያህል ቆይተው በ2013 ነው። ስርቆቱን ለመከላከል የ2014 ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ሆነ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በኮምፒውተር ይሰጣል።

ቁጥሩ ሲወጣ ሁላችንም ደነገጥን፤ ስለ ኩረጃም፣ ስለ መምህራንም፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱም ብዙ ተባለ። ተገቢ ነው። ስለ ጊዜ ግን የተናገረ ጥቂት ነው። በክልላችን ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አንዳንዱ ተከፍቶ ይዘጋል። ልጁ ተመዝግቧል፣ ክፍሉ ግን የለም። ፈተናው የሚለካው የአራት ዓመት ትምህርት ነው፤ የጎጃም ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይዞት የሚቀርበው የወራት ትምህርት ሆኗል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ተመላላሽ ክፍል ገባች። ልጅቱን ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት አስቸግሯታል። እናትየዋ «ዶክተር፣ እርስዎ ይዩልኝ» ስትለኝ ድምጿን አወቅሁት። ሎጋሪዝም ያስተማረችኝ ጓደኛዬ «እርስዎ» አለችኝ። ተነሥቼ አቀፍኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን። አንቺ ለመባባል ጥቂት ጊዜ ወሰደብን።

ልጇ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ከርሞ ዘመድ ቤት ከተማ መጥታለች። ለፈተናው ዘጠኝ ሳምንት ቀርቷታል። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። መረመርኳት፤ የሚታከም በሽታ አላገኘሁባትም። ሌሊቱን ሙሉ ታነባለች፤ ሕመሟ ይኸው ነው።

ወረቀት አውጥቼ የየኔታን ፕሮግራም ጻፍኩላት። በሳምንት ሁለት ማታ ቤቴ እየመጣች ለእኔ እንድትነግረኝ፣ የልጄን ኮምፒውተር እንድትለማመድበት ተስማማን። እናቷን «ከእንግዲህ እስከ ፈተናው ድረስ ውኃም እንጨትም እንዳታዟት» አልኳት። «እኔ አለሁ አይደል» አለች ጓደኛዬ። «ለእኔ ያላለልኝን ሰው እኔ ለሷ እሆናለሁ።»

ልጅቱ ተፈተነች፤ ግማሹን ለማግኘት ጥቂት ቀራት። ዛሬ የማካካሻ ትምህርት ገብታለች። በእናቷ ጊዜ እንዲህ ያለ ሁለተኛ በር አልነበረም፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

ለዚህ የመገናኛችን ዓመት የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በየዓመቱ ስንሰባሰብ ለግቢው ዛፍ እንተክላለን፣ ለሆስፒታሉ ዕቃ እንገዛለን፤ መልካም ነው። በተጨማሪ እያንዳንዳችን ለአንድ ተፈታኝ የሁለት ወር ማታዎችን እንስጥ። አጠገባችን ያለች አንዲት ልጅ ትበቃለች፤ የምትነግረው ሰው፣ የምታጠናበት መብራት፣ ቤቷ ሄዶ «ለጊዜው አታዟት» የሚልላት ሽማግሌ። እዚያው ግቢ የምታስተምሩ መምህራን ደግሞ ተፈታኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲመጡ የምታዩአቸው እናንተ ናችሁ። ከየት እንደመጡ፣ ስንት ወር እንደተማሩ ጠይቁልን፤ ጻፉልንም። ወደፊት የዚህን በር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከውጤቱ ጎን የመዘጋጃ ጊዜውንም እንዲያገኝ።

የኔታ ዐርፈዋል። ጓደኛዬ ግን አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ከረቡዕ ገበያ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ለልጇ። ድርቆሹን ስታወርድ አንዳንዴ ለእኔም ታካፍለኛለች።